ከመስቀል እስከ ገና፦ በይፋግና በፎገራ ሜዳ የመከር በዓላት አመጣጥና ልማድ

መግቢያ

ገበሬ የዓመት ድካሙን ፍሬ በሚሰበስብበት ወራት ፈጣሪውን የሚያመሰግንበትና ከጎረቤቱ ጋር የሚደሰትበት በዓል በአያሌ ሕዝቦች ዘንድ ይገኛል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 እስራኤላውያን የመከርን በዓልና እህል ተጠቃሎ የሚገባበትን በዓል እንዲያከብሩ ታዝዘዋል። ቻይናውያን በስምንተኛው የጨረቃ ወር በ15ኛው ቀን የመከር ወቅት በዓላቸውን ያከብራሉ። በአሜሪካም ፕሬዚዳንት ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1863 ባወጡት ዐዋጅ መሠረት የምስጋና ቀን በየዓመቱ ሲከበር ኖሯል። በእነዚህ አገሮች ሁሉ በዓሉ የራሱ ስምና የራሱ ቀን አለው።

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋማ አገር በሚኖረው ክርስቲያን ገበሬ ዘንድ ግን «የመከር በዓል» ተብሎ የሚጠራ አንድ ቀን የለም። ይህን በማየት ሕዝቡ መከሩን አያከብርም የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። የመከሩ ደስታ ቤተ ክርስቲያን በሌላ ምክንያት በወሰነቻቸው በሦስት በዓላት ላይ ተከፋፍሎ ይገኛል፤ እነርሱም መስቀል፣ ኅዳር ሚካኤልና ገና ናቸው። ይህ ጽሑፍ በይፋግና በፎገራ ሜዳ አካባቢ ያለውን ሁኔታ መነሻ በማድረግ የእነዚህን በዓላት አመጣጥ፣ ከእርሻው ሥራ ጋር የተያያዙበትን መንገድ፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለትምህርት ሥራ ያለውን ፋይዳ ይመረምራል።

1. ስፍራውና የወቅቶች አከፋፈል

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ለጥ ያለ አገር ነው። ከጉና ተራራ የሚመነጩት የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በክረምት እነዚህ ወንዞች ከዳርቻቸው ወጥተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው በጎደለ ጊዜም ለም ደለል ትተው ያልፋሉ። የወረታ ከተማ በሜዳው መካከል ትገኛለች። ይፋግ ደግሞ በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል፣ ከጎንደር ወደ ደቡብ በሚወስደው ጥንታዊ የነጋዴ መንገድ ላይ የተመሠረተች የገበያ ስፍራ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያለፉባት አውሮፓውያን ተጓዦች ይፋግን የታወቀች ገበያና የቀረጥ ኬላ አድርገው ገልጸዋታል።

የወቅቶቹን ነገር በሚገባ ለመረዳት ከሊቃውንቱ የዘመን አቆጣጠር መነሣት ያስፈልጋል። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዓመቱ በአራት ይከፈላል፦ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ይባላል። እህል የሚያሸተው፣ የሚታጨደውና የሚከመረው በመጸው ነው። በዛሬ አነጋገር ብዙ ሰዎች የመስከረምን የአበባ ወራት «ጸደይ» ይሉታል፤ ይህም የመጣው የአውሮፓን ወቅቶች ስም ከአገራችን ወራት ጋር ለማዛመድ ከተደረገ ሙከራ ስለሆነ በክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ ልዩነቱን ማስረዳት ይገባል።

ሦስቱ በዓላት በዚህ አከፋፈል ውስጥ ያላቸው ቦታ የሚያስተውሉት ነው። መስቀል መስከረም 17 ቀን፣ መጸው ሊገባ 9 ቀን ሲቀረው ይውላል። ኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ቀን፣ በወቅቱ አጋማሽ ላይ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ መጸው ወጥቶ በጋ እንደ ገባ ይከበራል። ስለዚህ አንዱ በወቅቱ መግቢያ፣ አንዱ በመካከሉ፣ አንዱ በመውጫው ላይ ቆመዋል። ከመስቀል እስከ ኅዳር ሚካኤል 55 ቀን፣ ከኅዳር ሚካኤል እስከ ገና 47 ቀን፣ በድምሩ 102 ቀን ይሆናል።

2. መስቀል፦ ውሃው ሲጎድል

የመስቀል በዓል መነሻ ከእርሻ ጋር ግንኙነት የለውም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሠረት በዓሉ የሚከበረው ንግሥት እሌኒ በአራተኛው ክፍለ ዘመን የጌታን መስቀል በኢየሩሳሌም ከተቀበረበት ማስወጣትዋን ለማሰብ ነው። መስቀሉ የተገኘበት ቀን መጋቢት 10 ሲሆን፣ ይህ ቀን በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ታላቁ በዓል መስከረም 17 ቀን ይከበራል። በኢትዮጵያ ለበዓሉ ልዩ ክብር የተሰጠው ከግማደ መስቀሉ መምጣት ጋር ተያይዞ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ አገር ገብቶ በልጃቸው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት በወሎ በግሸን አምባ ተቀምጧል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2006 ዓ.ም. የመስቀልን በዓል በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ገበሬው ግን በዚህ ሃይማኖታዊ መሠረት ላይ የራሱን ትርጉም ጨምሮበታል። መስቀል የክረምቱ ማብቂያ ምልክት ነው። አደይ አበባ የሚፈካበት፣ በቆሎ እሸት የሚጠበስበት፣ በደጋው የገብስ ዛላ የሚታይበት ጊዜ ስለሆነ፣ ከሐምሌና ከነሐሴ ጭንቅ የወጣ ቤተ ሰብ በዓሉን በተስፋ ይቀበላል። በዋዜማው ወይም በንጋት ችቦ እየተቀጣጠለ ደመራው ይዞራል፤ ተቃጥሎ የሚወድቅበትም አቅጣጫ ስለሚመጣው ዘመን እንደ ምልክት ይታያል። አመዱን በግንባር ላይ መቀባትም የታወቀ ልማድ ነው።

በይፋግና በፎገራ ለመስቀል ተጨማሪ ምክንያት አለ። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ የነጋዴው መንገድ ይዘጋ ነበር። በጎንደር ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የርብ የድንጋይ ድልድይ የዚህን መሻገሪያ አስፈላጊነት ይመሰክራል። አሞሌ ጨው፣ ጥጥና ልብስ የጫነው ነጋዴ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል፤ በጎንደር የከረመው የንጉሥ ሠራዊትም ዘመቻ የሚነሣው ከክረምት በኋላ ነበር። ስለዚህ መስቀል ለገበሬው የእሸት፣ ለነጋዴው የመንገድ፣ ለወታደሩ የዘመቻ መክፈቻ ሆኖ ኖሯል። በሜዳው ላይ ደግሞ ውሃው በሸሸበት መሬት ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ዳገተኛው ለአጨዳ ሲዘጋጅ ሜዳተኛው ለሁለተኛ ጊዜ ይዘራል ማለት ነው።

በዚሁ ወራት የሚከበሩ የሌሎች ሕዝቦች በዓላትን ማነጻጸርም ይጠቅማል። የኦሮሞ ሕዝብ ክረምት ሲያልፍ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲና በሌሎችም የውሃ ዳርቻዎች ኢሬቻን ያከብራል። በወላይታ ጊፋታ፣ በሐዲያ ያሆዴ፣ በጋሞ ዮ ማስቃላ፣ በጉራጌ መስቀል በዚሁ ወቅት ይከበራሉ። እያንዳንዱ የራሱ ታሪክና የራሱ ትርጉም ቢኖረውም፣ የክረምቱን ማለፍ በምስጋና መቀበል የሁሉም የጋራ ጠባይ ነው።

3. ኅዳር ሚካኤል፦ በአጨዳና በጾም መካከል

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ይባላል። ካህናቱ በየእሑዱ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆሙበት፣ ብዙ ምእመናንም በፈቃዳቸው የሚጾሙት ወራት ነው። ይህ ጊዜ በገበሬው ቤት የአሮጌው እህል የሚያልቅበት፣ አዲሱም ገና በማሳ ላይ የሚታይበት ነው። ከዚያ ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓል ይመጣል። በስንክሳር በዚህ ቀን የሚታሰበው የመልአኩ መሾምና እስራኤልን ከግብፅ መርቶ ማውጣቱ ነው።

ይህ በዓል ከመከሩ ጋር የተሳሰረበትን ምክንያት ለመረዳት የጾሙን ቀን ማየት ያስፈልጋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 28 ይዘልቃል፤ ይኸውም 44 ቀን ነው። የጤፉ፣ የዳጉሳውና የኑጉ አጨዳ የሚበረታው በእነዚሁ ሳምንታት ነው። በመሆኑም ገበሬው እህሉን ሲሰበስብ ሥጋ አይበላም፤ ቅቤም በወጡ ውስጥ አይገባም። ኅዳር ሚካኤል ከጾሙ መግቢያ ሦስት ቀን ቀድሞ ስለሚውል የእሸቱና የቅበላው ደስታ በአንድነት ይፈጸምበታል። ዝክር ያለበት ሰው ጠላ ጠምቆ፣ ጠበል ጸዲቅ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ቀድሞ ከደረሰውም እህል በኩራት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳል።

ልማድ እንዴት እንደሚፈጠር ለማሳየት የዚህ ቀን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በአገራችን ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ጠርጎ ማቃጠል የተለመደ ሆነ፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚለውም አባባል ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከዘመን ብዛት የተነሣ ጥንታዊ የሚመስለው ይህ ልማድ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ስለ ባህል የሚያስተምር መምህር «ከጥንት ጀምሮ» የሚለውን ቃል ከመጠቀሙ በፊት የልማዱን ዘመን መጠየቅ አለበት።

4. አውድማውና ገና

በአጨዳ ወራት ሥራው የሚከናወነው በኅብረት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ቀን ለአንድ ገበሬ የሚሠራበት ደቦ ወይም ጅጊ፣ ጥቂት ሰዎች በየተራ የሚረዳዱበት ደግሞ ወንፈል ይባላል። ባለ እርሻው ለደቦው ምግብና ጠላ ያዘጋጃል። ማጭድ የያዙት ረድፍ ገብተው እየዘፈኑ ያጭዳሉ፤ ነዶው ታስሮ ይሰበሰብና ክምር ይሆናል። አውድማው ተጠርጎ በእበት ይለቀለቃል። በሬዎቹ እህሉን ካበራዩት በኋላ በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ ይበተናል፤ ገለባውም ከምርቱ ይለያል። አውድማ በገበሬው ዘንድ የተከበረ ስፍራ ስለሆነ በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው «ይበርክት» ሳይል ማለፉ እንደ ነውር ይቆጠራል። ምርቱ ተሰፍሮ ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት ለቤተ ክርስቲያን፣ ለድኻና ለቆሎ ተማሪ የሚሆነው ይነሣለታል።

ይህ ሁሉ ድካም በጾም ካለፈ በኋላ ገና ይደርሳል። መከሩ በሚሰበሰብበት ወራት ሊሆን ያልቻለው የሥጋና የቅቤ ግብዣ በዚህ ቀን ይፈጸማል። ጎልማሶችና ልጆች አዝመራው በተነሣለት ሜዳ ላይ በሁለት ወገን ተሰልፈው የገና ጨዋታ ይጫወታሉ፤ በቆልማማ ዱላ ጥንጓን እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ይነዳሉ። በጨዋታው ላይ ጌታና ሎሌ እኩል መሆናቸው የታወቀ ሥርዓት ነው። ጨዋታው ሰፊና ሰብል የሌለበት ሜዳ ስለሚፈልግ ከዚህ ወቅት በፊት ሊደረግ አይመችም ነበር። ከገና በኋላ ጥምቀት፣ ከጥምቀትም በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የሠርግ ወራት ይከተላል፤ ድግሱ የሚደገሰውም ከአውድማው በገባው እህል ነው።

እንግዲህ በዚህ አገር የመከር በዓል በአንድ ቀን ያልተወሰነበት ምክንያት ከጾሙና ከአጨዳው መገጣጠም የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ተስፋው በመስቀል፣ የመጀመሪያው ፍሬ በኅዳር ሚካኤል፣ ጥጋቡ በገና ይከበራል።

ይህ ትስስር ለብዙ መቶ ዓመታት ሊጸና የቻለው አቆጣጠሩ የፀሐይን ዓመት ስለሚከተል ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ መስከረም 17 ቀን ከፀሐይ ጉዞ አንጻር ሲታይ ከዛሬው 4 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይውል ነበር። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ በመሆኑ በዓሉና እርሻው አልተራራቁም። በአካባቢው የሚኖረው የሙስሊም ኅብረተሰብ የሚከተለው የጨረቃ አቆጣጠር ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ በዓላቱ በወቅቶች ሁሉ ላይ ይዘዋወራሉ። ከዚህም የተነሣ የሙስሊሙ ገበሬ የሃይማኖት በዓላት ከመከሩ ወራት ጋር በየዓመቱ አይገጣጠሙም። በጎንደር ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ የኦሪትን በዓላት ይጠብቁ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ በግእዝ በዓለ ማእረር፣ ማለትም የመከር በዓል፣ ይባላል።

5. የመከሩ ሌላ ገጽታ

የመጸው ወራት ሁልጊዜ የደስታ አልነበረም። በቀድሞው ሥርዓት ዐሥራት ገማቾች እህሉን ለመገመት ወደ ማሳ የሚወጡት በዚህ ጊዜ ነበር። ግምቱ ከእውነተኛው ምርት ሲበልጥ ዕዳው በገበሬው ላይ ይወድቃል፤ ገማቹ ሲዘገይ ደግሞ የደረሰው እህል ለዝናምና ለወፍ ይጋለጣል። ዐሥራት በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ተሽሯል፤ አዲሱን ግብር በመቃወም በጎጃም የተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ግን የመከር ግብር ምን ያህል ሥር የሰደደ ጥርጣሬ እንደ ፈጠረ ያሳያል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ የባላባትና የጭሰኛ ግንኙነት ቀረ።

ከግብሩም የከፋ ጊዜ ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰው ክፉ ቀን የከብት ዕልቂት በሬዎችን ፈጀ። በዚያው ዓመት ድርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ ያላረሰውም ለአውድማ የሚሆን ነዶ አልነበረውም። የበዓላቱ ቀን በየዓመቱ ደረሰ፤ በዓል የሚያሰኘው እህል ግን አልነበረም። የመከር በዓል ታሪክ ያለ ረኀብ ታሪክ ሙሉ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

6. በፎገራ ሜዳ የደረሰው ለውጥ

ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ በፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ መዘራት ጀመረ። በዚያን ጊዜ በነበሩት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እርዳታ የተጀመረው ሙከራ፣ ኋላ በገበሬው ዘንድ ተስፋፍቶ አካባቢውን በአገሪቱ ከታወቁት የሩዝ ስፍራዎች አንዱ አደረገው። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ጅግና ከሚባለው ቀበሌ ነው። በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል።

ለበዓሉ የሚያስፈልገው ቁም ነገር እንዲህ ነው። ቀድሞ ውሃ ስለሚተኛበት ለግጦሽ ብቻ ይውል የነበረው መሬት አሁን ይታረሳል። የሩዙ አጨዳ ከጤፉና ከዳጉሳው አጨዳ ጋር በአንድ ወቅት ስለሚገጥም የኅዳርና የታኅሣሥ የሥራ ብዛት ጨምሯል። ለበዓሉ እንጀራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ይጋገራል፤ ለጠላና ለአረቄም ይውላል። እህሉ ቢለወጥም በዓሉ ቀኑን አልለቀቀም። ሆኖም የሜዳው ልምላሜና አደጋው አንድ ምንጭ አላቸው፤ በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ሰብልን አጥፍቶ ብዙ ቤተ ሰብ አፈናቅሏል። እንዲህ ባለው ዓመት መስቀል የሚደርሰው ገበሬው እንደ ገና መዝራት ይችል እንደሆነ ሜዳውን በሚመለከትበት ሰዓት ነው።

7. ለትምህርት ሥራ ያለው ፋይዳ

ከላይ የተጠቀሰው 102 ቀን በሙሉ በትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ መንፈቅ ውስጥ ይውላል። በአገራችን ረጅሙ የትምህርት ዕረፍት ዝናም በሚበዛበት ወቅት እንዲሆን ስለተወሰነ አጨዳው ከክፍል ትምህርት ጋር ይጋጫል። ልጅ በኅዳርና በታኅሣሥ ወፍ ይጠብቃል፣ ነዶ ይሸከማል፣ በአውድማ ላይ በሬ ይነዳል፤ እናትና አባት በደቦ ላይ ሲውሉ ታናናሾቹን የምትይዘው ልጃገረድ ናት። ከፍ ያሉት ወጣቶች ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሚወርዱበት ወቅት ነው። በመምህሩ መዝገብ ላይ «ቀሪ» ተብሎ የሚጻፈው ተማሪ ብዙውን ጊዜ በማሳ ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸው ሲታሰብ፣ ለአጨዳ የሚጠፋው እያንዳንዱ ሳምንት ዋጋው ከፍ ይላል።

የቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከዚህ ጋር የተስማማበት የራሱ መንገድ ነበረው። የቆሎ ተማሪው ስንቁን ከአውድማ ስለሚያገኝ የጉባኤው ኑሮ የመከሩን ወራት ተከትሎ ይሄድ ነበር። በአሁኑ ጊዜም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ክልሎች የመጀመሪያ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርታቸውን እንዲያዘጋጁ በር ስለከፈተ፣ ለአካባቢው ሁኔታ የሚስማማ አሠራር መፈለግ የሚቻል ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል፦

ሀ) የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የፈተና ቀን ሲወስኑ የአጨዳውን ሳምንታት በአካባቢው ሰብል ዓይነት ለይተው ቢያዩ መልካም ነው። የጉና ግርጌ ገብስ የሚታጨድበትና የፎገራ ሩዝ የሚታጨድበት ጊዜ አንድ ስላልሆነ፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ የደጋውና የሜዳው ትምህርት ቤት ችግር ይለያያል።

ለ) በሥራ ምክንያት የቀሩ ተማሪዎች ከገና በኋላ ያመለጣቸውን ትምህርት የሚያካክሱበት ጊዜ አስቀድሞ በዕቅድ ሊያዝ ይገባል። በዐዋጅ ወይም በቅጣት ልጁን ከአውድማ መለየት የቤተ ሰቡን ጉዳት ያበዛል እንጂ መገኘትን አያሻሽልም።

ሐ) መምህራን የኅብረተሰብ ትምህርትን ሲያስተምሩ ተማሪዎች የቀበሌያቸውን የእርሻና የበዓላት ሰሌዳ ከሽማግሌዎች ጠይቀው እንዲያዘጋጁ ሊያደርጉ ይችላሉ። የቁና ስፍር፣ የ55ና የ47 ቀን ስሌት፣ የፀሐይና የጨረቃ አቆጣጠር ልዩነት ለሒሳብና ለሳይንስ ትምህርት የሚያገለግሉ ቅርብ ምሳሌዎች ናቸው። በክፍሉ ውስጥ የልዩ ልዩ እምነት ተከታዮች ካሉ የየራሳቸው ሰሌዳ ጎን ለጎን ሊቀርብ ይገባል።

መ) የአውድማ ቃላትና የደቦ ዜማ፣ የእህሉ ዓይነትና የአወቃቁ መንገድ በተለወጠ ቁጥር ሊረሱ ይችላሉ። ከተማሪ ቤት ማስታወሻ ደብተር ጀምሮ መመዝገባቸው ለነገው ተመራማሪ የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ማጠቃለያ

በይፋግና በፎገራ ሜዳ ገበሬው የመከሩን ደስታ በመስቀል፣ በኅዳር ሚካኤልና በገና አከፋፍሎ ያከብራል። የበዓላቱ መነሻ ሃይማኖታዊ ሲሆን፣ የዝናሙ ማብቃት፣ የወንዞቹ መጉደል፣ የጾሙ መግባትና የአጨዳው ጊዜ በአንድነት ከእርሻው ጋር አስተሳስረዋቸዋል። በጊዜ ብዛት አንዳንድ ልማድ ተጨምሯል፤ ሰብሉም ተለውጧል፤ ግብሩም ተሽሯል። የትምህርት ዕቅድ አውጪ የትምህርት ቤቱን ሰሌዳ በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ፣ ልጆቹን የሚያስተዳድራቸው ሌላ ሰሌዳ በማሳውና በአውድማው ላይ መኖሩን ሊያስብ ይገባል። ሁለቱ ሰሌዳዎች ተነጻጽረው የታዩ እንደሆነ በኅዳር ወር ባዶ የሚታየው ወንበር ምክንያቱ ይታወቃል፤ መፍትሔውም ከዚያው ሊፈለግ ይችላል።